አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ብርድ

አባት አሥራ አምስት ኪሎ የሚመዝን ልጅ አዝሎ ዳገቱን ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ላቡ ይንቆረቆራል፤ ጃኬቱን ይከፍታል፣ ኮፍያውን አውልቆ ኪሱ ይከታል፤ «ዛሬ እንኳ ያን ያህል አይበርድም» ይላል። የሚለው ከልቡ ነው፤ ለእሱ እውነት ነው። ጀርባው ላይ ያለው ልጅ ግን ከመኪናው ከወረደ ጀምሮ እግሩን አላንቀሳቀሰም። ሁለቱም ያሉት አንድ መንገድ ላይ ነው፣ አየሩም አንድ ነው፤ ብርዳቸው ግን ለየቅል ነው። በብርድ ወራት ከቤተሰብ ጋር በእግር ስለመጓዝ ከሚነገረው ሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበት ይህ ይመስለኛል፦ ጉዞው የሚለካው በማይራመደው ሰው ነው።

ክረምት ሲባል የእኛ ቋንቋ ወደ ዝናብና ጭቃ ይወስደናል። እዚህ የማወራው ግን ቀኑ አጥሮ ውሃ ስለሚረጋበት የብርድ ወቅት ነው። «በረዶ» የሚለው ቃላችንም ብዙ ነገር ይሸከማል፤ ስለዚህ ከሰማይ የሚወርደውን ለስላሳውን አመዳይ፣ ጠጥሮ የሚያንሸራትተውን ደግሞ ግግር እያልኩ እለያቸዋለሁ። በመንገድ ላይ ሁለቱን መለየት የግድ ነውና።

ዳገት የሚወጣ አዋቂ ቁጭ ብሎ ከሚያመነጨው ሙቀት አምስትና ስድስት እጥፍ ያመነጫል። ይህ የራሱ ምድጃ ነው፤ ሲቆም ወዲያው ይጠፋል። ልጅ ደግሞ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ለብርድ የተጋለጠ ቆዳው ከአዋቂ ይበልጣል፤ ትንሽ ድስት ከትልቅ ድስት ቀድሞ እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። እየሮጠ ሲጫወት ልዩነቱ አይታወቅም። የታዘለ፣ በመንሸራተቻ ተቀምጦ የሚጎተት ወይም ደክሞት የቆመ ልጅ ላይ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል።

የአየር ትንበያውን ስናነብም ይኸው ነገር ይከተለናል። ነፋስና ብርድ ተደምረው በቆዳ ላይ የሚያደርሱትን ለመለካት መነሻ የሆነው ሥራ የፖል ሳይፕልና የቻርልስ ፓሰል ነው። አንታርክቲካ ላይ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚረጋ እየለኩ ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተሙ። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ቀመር በካናዳና በአሜሪካ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በዚህ ቀመር መሠረት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ዜሮ ዲግሪ እንደ ‎-6 ይሰማል፤ ‎-5 እንደ ‎-13፣ ‎-10 ደግሞ እንደ ‎-20። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ቀመሩ የተሠራው ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ለሚራመድ አዋቂ ፊት መሆኑን ነው። ቁጭ ብሎ ለሚጎተት የሁለት ዓመት ልጅ የተሠራ ሰንጠረዥ የለም። ስለዚህ ቁጥሩ ለእናንተ «ይቻላል» ሲል ለልጁ ገና ምንም አልተናገረም። በዚህ ላይ ትንበያው ለከተማው ከሆነና መንገዱ ከከተማው 600 ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ 4 ዲግሪ ያህል ቀንሱ፤ አየሩ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል።

ልብስን በተመለከተ ሦስቱ ድርቦች የታወቁ ናቸው፤ ከቆዳ ጋር ላብ የሚያስወጣ ስስ ልብስ፣ በላዩ ሙቀት የሚይዝ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና እርጥበት የሚከለክል። ለመጀመሪያው ድርብ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን፤ ጥጥ አይሁን። ጥጥ ላቡን ጠጥቶ ይይዘዋል፤ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በላቀ ፍጥነት ስለሚያስተላልፍ የረጠበ ካናቴራ የለበሰ ሰው ሲቆም ከውስጥ ይቀዘቅዛል። ጂንስ ሱሪ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጉልበቱ አመዳይ ላይ አንዴ ከረጠበ እስከ ማታ አይደርቅም። ሱፍ ግን እርጥብም ሆኖ ያሞቃል።

የሚራመድ ሰው ሲነሳ ትንሽ ሊበርደው ይገባል። ሲነሳ የሞቀው ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያልበዋል፤ ያ ላብ በመጀመሪያው ዕረፍት ብርድ ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ከተነሳችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሁሉም ቆሞ አንድ ልብስ የሚያወልቅበትን ጊዜ አስቡበት። ለሚታዘለው ወይም ለሚጎተተው ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሲነሳም ሙቅ መሆን አለበት፣ አዋቂው ከለበሰው ላይ አንድ ድርብ ተጨምሮለት። ያ ልጅ ወርዶ መሮጥ ሲጀምር ደግሞ ድርቡ ይወልቅለት። ይህን ልብስ ማውለቅና መልበስ እንደ መሰላቸት የሚያዩ ወላጆች አሉ፤ ለእኔ ግን ጉዞው ራሱ እሱ ነው። ወፍራሙን ጃኬት ቤት አታልብሱት። በመኪና የልጅ መቀመጫ ላይ ወፍራም ልብስ ቀበቶውን ያላላዋል፤ በአደጋ ጊዜ ልብሱ ይጨፈለቅና ልጁ ከቀበቶው ሊያመልጥ ይችላል። እመነሻው ላይ፣ የመኪናው በር ሳይከፈት አልብሱት።

ልጁ ሞቆት ወይም በርዶት እንደሆነ ለማወቅ እጁን መንካት ያሳስታል። ሰውነት ሙቀቱን ለመሀል አካሉ ሲቆጥብ እጅና እግር ቀድመው ስለሚቀዘቅዙ፣ እጁ ቀዝቅዞ ልጁ ደህና ሊሆን ይችላል። ጓንታችሁን አውልቁና ሁለት ጣት ከአንገትጌው በታች፣ ማጅራቱ ላይ አግቡ። ሙቅና ደረቅ ከሆነ ተዉት። እርጥብ ከሆነ በዝቶበታል፣ አንድ አውልቁለት። ከቀዘቀዘ ደግሞ ልብስ ይጨመርለት፣ የሚወርድበትና የሚንቀሳቀስበት ጊዜም አሁን ነው። ይህን በየሃያ ደቂቃው ማድረግ ምንም አይከብድም፤ ከቴርሞሜትርም ይበልጣል።

እጅና እግር ግን የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ለትንሽ ልጅ ጣት በጣት የተለየ ጓንት አይሆንም፤ አውራ ጣቱ ብቻ የተለየ፣ አራቱ ጣቶች አብረው የሚሞቁበት ይሻላል። ሁለቱን ጓንቶች በክር አያይዛችሁ ክሩን በጃኬቱ እጅጌዎች ውስጥ አሳልፉት፤ አለዚያ አንዱ ይጠፋል፣ የሚጠፋውም ሁልጊዜ ከመኪናው ርቃችሁ ስትሄዱ ነው። ትርፍ ጥንድ ያዙ፤ ልጅ አመዳይ ሳይነካ አይውልም። እግር ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ካልሲ መደረብ ነው። ጫማው ያው ሆኖ ካልሲው ሁለት ሲሆን እግሩ ይጨመቃል፣ ደም በደንብ አይዘዋወርም፣ በካልሲዎቹ መካከል ሊኖር የሚገባው አየርም ይወጣል፤ ውጤቱ ከአንድ ካልሲ የባሰ ብርድ ነው። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲና ጣቶቹ እንደልብ የሚንቀሳቀሱበት ጫማ ይበቃል። «ጣቶችህን እንደ ፒያኖ አንቀሳቅስ» ሲባል ማንቀሳቀስ ካልቻለ ጫማው ጠቦታል።

ማዘያው ብርድን እንደሚያባብስ የሚገነዘቡ ጥቂቶች ናቸው። የተንጠለጠለ እግር በማሰሪያው ጠርዝ ጭኑ ላይ ይጫናል፤ ሱሪው ደግሞ ወደ ላይ ይሰበሰብና ቁርጭምጭሚቱ ይራቆታል። ሱሪውን የሚሸፍን ረጅም ካልሲ ወይም ከጫማው በላይ የሚለበስ የሱፍ እግር ማሞቂያ ያድናል። በየ20 እና 30 ደቂቃው አውርዱትና ይራመድ፣ ይዝለል። አንገቱን በረጅም ሻርፕ አትጠቅልሉ፤ ማሰሪያ ላይ ሊጠመድ ይችላል። በራስ የሚጠለቅ ክብ የአንገት ልብስ ይሁንለት። ሕፃን በፊት ለፊት ጃኬት ውስጥ ታቅፎ የሚሄድ ከሆነ ፊቱ ሁልጊዜ ይታይ፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይለጠፍ፤ አለዚያ መተንፈሻው ይዘጋል። ግግር ባለበት መንገድ ላይ ግን ልጅ አዝሎ መሄድን ፈጽሞ አልደግፍም። አዛዩ ወደ ኋላ ቢንሸራተት ከመሬት ቀድሞ የሚገናኘው ልጁ ነው።

የሚጎተት መንሸራተቻ ጠፍጣፋ አመዳይ ላይ ከማዘያ ይሻላል። በገመድ ብቻ የሚጎተት ከሆነ ቁልቁለት ላይ እየሮጠ መጥቶ የጎታቹን ተረከዝ ይመታል፤ ወይ በሁለት ጠንካራ ዘንጎች ይያያዝ፣ ወይ ሌላ አዋቂ ከኋላ በሁለተኛ ገመድ ይያዘው። ልጁ ሥር የስፖንጅ ምንጣፍ ካልተነጠፈ ብርዱ ከመሬት ይገባዋል፤ ከላይ የቱንም ያህል ብርድ ልብስ ቢደረብ የሚቀመጥበት ጎን በክብደቱ ስለሚጨፈለቅ አያሞቅም።

የመንገዱን ጊዜ የማስላት ነገር ደግሞ አለ። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። 4 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 150 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ በዚህ ስሌት አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። አሁን የአራት ዓመት ልጅ ጨምሩበት። በተረገጠ አመዳይ ላይ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ብንል ሁለት ሰዓት፣ ለዳገቱ ሩብ ሰዓት፣ እያንዳንዳቸው 12 ደቂቃ የሚፈጁ አራት ዕረፍቶች፤ ድምሩ ሦስት ሰዓት ሞላ። አመዳዩ ያልተረገጠና እግር የሚውጥ ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በአጭር ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ በዲሴምበር 21 አካባቢ በ50ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ የቀን ብርሃኑ 8 ሰዓት ያህል ነው፣ በ60ኛው ላይ 6 ሰዓትም አይሞላም። ፀሐይ ከመግባቷ ሁለት ሰዓት በፊት መኪናው ጋ ለመድረስ አስሉ። ሁለቱ ሰዓት ለሚጠፋ ጓንት፣ ለሚወድቅ ልጅ፣ ለተሳሳተ መታጠፊያ የተቀመጠ ነው።

ዙሪያ መንገድ ብዙዎች ይወዳሉ፤ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይታይበታል። በብርድ ወራት ከልጆች ጋር ግን ሄዶ በዚያው መመለስን እመርጣለሁ። በዙሪያ መንገድ ግማሹ ካለፈ በኋላ መመለስ ምንም አያሳጥርም፤ ልጁ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቢደክመው ያለው ምርጫ ወደፊት መሄድ ብቻ ነው። በሄዱበት በመመለስ ግን እያንዳንዷ ደቂቃ መዞሪያ ነች፤ የተረገጠ ዱካም ይጠብቃችኋል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይታችሁ መሄጃውን ወደ ነፋሱ፣ መመለሻውን በጀርባ አድርጉት። ጉልበትና ሙቀት ሳይጎድል ነፋሱን መጋፈጥ ይቀላል፤ የደከመ ልጅ ፊቱን ለነፋስ እየሰጠ መመለስ አይችልም። የመዞሪያውን ሰዓት ከቤት ሳትወጡ ወስኑ፣ ለሁሉም ተናገሩ፤ ሐይቁ አምስት መቶ ሜትር ብቻ ቢቀረውም ሰዓቱ ሲደርስ ዙሩ።

ወደ ዕረፍቱ ልመለስ፤ ጉዞ የሚበላሸው ሲቆሙ ነውና። ቦታው በእይታው አይመረጥ፤ ነፋስ የማይደርስበት፣ ከተቻለ ፀሐይ የሚያርፍበት ይሁን፤ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ከጫካው ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሎ። ከዚያ ቅደም ተከተሉን አታዛንፉ። መጀመሪያ ሁሉም፣ ላብ ያላበው አዋቂም ጭምር፣ ሙቀቱ ሳይወጣ ከቦርሳው አናት ያለውን ወፍራም ጃኬት ከሁሉ በላይ ይደርብ። ሰው በርዶት ከደረበ ልብሱ የሚይዝለት ሙቀት የለም። ቀጥሎ ምንጣፉ ይነጠፍ። ከዚያ ትኩሱ መጠጥ፣ ከዚያ ምግቡ። በ12 ደቂቃ ውስጥ ተነሱ። ፔርሙዙን ከመሙላታችሁ በፊት የፈላ ውሃ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ አቆዩትና ድፉት፤ ቀዝቃዛ ብረት የመጀመሪያውን ሙቀት ይውጣልና። ለልጆች በቀጥታ የማያቃጥል መጠጥ በሌላ ትንሽ ፔርሙዝ ያዙ፤ ሻይ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያንን 12 ደቂቃ ይበላል። ምግቡ ቤት ውስጥ ጉርሻ በሚያክል የተቆረጠ፣ በጓንት የሚያዝ ይሁን፤ እርጥበት ያለው ነገር ይረጋል፣ ቸኮሌትም ጥርስ የሚሰብር ድንጋይ ይሆናል። እነዚህን ከጃኬቱ በታች ያዟቸው።

የውሃ ጠርሙስ ቦርሳ ውስጥ ተደፍቶ ይቀመጥ። ውሃ የሚረጋው ከላይ ስለሆነ ጠርሙሱ ሲገለበጥ አፉ ክፍት ሆኖ ይገኛል። አመዳይ እንዲበሉ አትፍቀዱ፤ አንድ ግራም ለማቅለጥ ብቻ ያንኑ ውሃ በ80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ይፈጃል፣ የሚከፍለውም የልጁ ሰውነት ነው። ሽንት ቤትም እንዲሁ አይናቅ፤ ሙሉ ቱታ የለበሰ ልጅ ልብሱን አውልቆ እስኪጨርስ ብዙ ሙቀት ያጣል። ከመነሻው በፊት ሁሉም ይሂድ።

ስለ መንሸራተት። ፀሐይ ቀን ላይ ያቀለጠችው አመዳይ ጥላ ሲያርፍበት ግግር ይሆናል፤ ጠዋት ስትሄዱ ለስላሳ የነበረው መንገድ ስትመለሱ መስታወት ሊሆን ይችላል። ከጫማ ሥር የሚለበስ ሰንሰለትና ጥርስ ያለው ጎማ ለልጆችም በልካቸው አለ። ግግሩ ላይ ከገባችሁ በኋላ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት እንዲለበስ አድርጉ፤ በአንድ እግር ቆሞ ጎማ መወጠር ራሱ ያወድቃል። እርምጃ አጭር፣ ሙሉ መርገጫው መሬት የሚነካ፣ ክብደት ከፊት እግር ላይ። አመዳዩ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚውጥ ከሆነ ሰፊ የአመዳይ ጫማ ያስፈልጋል፤ ከሌለ ሌላ መንገድ ይፈለግ።

የረጋ ሐይቅ ላይ መሄድን በተመለከተ በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር ለአንድ ሰው 10 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ ግግር ነው። ነጭ ግግር ጥንካሬው በግማሽ ያህል ያነሰ ነው፤ ወንዝ በሚገባበትና በሚወጣበት፣ በድልድይ ሥርና በቄጠማ ዙሪያ ደግሞ ይሳሳል። በላዩ ያረፈው አመዳይ እንደ ብርድ ልብስ ስለሚከልለው የግግሩን ውፍረት በዓይን መገመት አይቻልም። እየቦረቦሩ የሚለኩ ባለሙያዎች ካልፈቀዱ በቀር ቤተሰብ ዳር ዳሩን ይሂድ። ተራራማ ቦታ ላይ የበረዶ ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ነው፤ ከእንደዚያ ተዳፋት ላይም ሆነ ሥር ራቁ፤ ናዳው ከሥሩ ያለውን ሜዳም ያካልላል።

ልጅ ሲነጫነጭ ወላጅ ይጨነቃል። የሚያስፈራው ግን ዝም ያለው ነው። በርዶት ሲያለቅስ የነበረ ልጅ ዝም ካለ፣ ቃላት ካንተባተበ፣ እግሩ ከተጠላለፈ፣ ጓንቱ ወድቆ ካላነሳው፣ የሰውነቱ ሙቀት እየወረደ ሊሆን ይችላል። መሀል ሰውነቱ ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል፤ መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ቢቆም የከፋ ምልክት ነው። ከነፋስ ከልሉት፣ እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ ከመሬት ለዩት፣ ከአዋቂ ሰውነት ጋር አጣብቃችሁ ሸፍኑት፤ ነቅቶ በደንብ መዋጥ ከቻለ ስኳር ያለው ሙቅ መጠጥ ስጡት። እጅ እግሩን አትሹ። ጉንጭ፣ አፍንጫ ወይም ጆሮ ላይ ነጭ ሆኖ የደነዘዘ ነጥብ ካያችሁ ሙቅ መዳፍ አስደግፉበት፤ ማሸትም ሆነ በአመዳይ መፈተግ ቆዳውን ይጎዳል። ጠጥሮ የደነዘዘ ጣት ተመልሶ ሊረጋ የሚችልበት ሁኔታ ካለ መንገድ ላይ አይቅለጥ፤ ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

ስልክ ከውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት አጠገብ ይቀመጥ፤ ባትሪው በብርድ ይዳከምና ሙሉ የነበረው በድንገት ይጠፋል። በአውሮፓ የአደጋ ጊዜ ጥሪው 112 ነው፤ ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ቁጥሩን ቀድማችሁ ያዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ ፊሽካ አንጠልጥሉለትና አስተምሩት፤ በተራሮች ላይ የታወቀው የድረሱልኝ ምልክት በደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ እንደገና ስድስት ነው። በደቂቃ ሦስት ጊዜ የሚመልስ ከተሰማ ሰምተዋችኋል ማለት ነው።

መኪናው ጋ ስትደርሱ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫው በአመዳይ እንዳልተደፈነ እዩ፤ ከተደፈነ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ልጆቹ ወዳሉበት ይገባል። ደረቅ ካልሲና ካናቴራ መኪናው ውስጥ ይጠብቅ። ቤት ስትገቡ የጫማዎቹን የውስጥ ንጣፍ አውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁባቸው፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ቀይሩ። ማሞቂያው ላይ አታስቀምጧቸው፤ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ቆዳውም ይሰነጠቃል። ከዚያ ድካሙ ሳይረሳ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ሰዓት አሰባችሁ፣ ስንት ፈጀ፣ ከዚያ ውስጥ ቆማችሁ የቆያችሁበት ስንት ደቂቃ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ መንገድ የሚመረጠው በሦስተኛው ቁጥር ነው።